ባሻ ፈለቀና የኛ ሰባት ቤት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተነገረ ንግግር)



ከመጨረሻው ክፍል አንድ ተማሪ ንግግር እንዲያሰማ በታዘዘ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም እንድናገር መክረውኝ ነበር። ስለ ትምህርት ጥቅም ግን እዚህ የተቀመጣችሁት ወላጆች ከኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ባታውቁ ኖሮ በየሳምንቱ ስንቅ እያስያዛችሁ ወደ መካነ ሰላም ባልሰደዳችሁን ነበር። ስለዚህ እኔ ስለ አንድ ከሞተ ብዙ ዘመን ስላለፈው ወታደር ለመናገር መርጫለሁ። ወታደሩ የአገራችን ሰው አይደለም፤ እንዲያውም በአምባ መቅደላ ላይ ከዘመቱት አንዱ ነው። ነገር ግን የሕይወቱ ታሪክ በቤተሰቡ እጅ ተጠብቆ በመቆየቱ፣ እርሱ ከሞተ ከ113 ዓመት በኋላ አንድ ትንሽ ነገር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ይህን ነገር ባነበብሁ ጊዜ ስለ እርሱ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም ቤተሰቦች እንዳስብ አስገደደኝ።

ሰውዬው ካፒቴን ቻርልስ ስፒዲ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1836 በህንድ አገር ሜሩት በምትባል ከተማ ነው፤ አባቱም የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጢሙ ቀይና ረዥም ስለ ነበረ በሄደበት አገር ሁሉ ሰው ቆሞ ይመለከተው ነበር ይባላል። በህንድ ጦር ውስጥ ካገለገለ በኋላ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን መጣና በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት ገባ። ንጉሡም ወደዱት። ወታደሮቻቸውን የአውሮፓ ሥርዐት ሰልፍ እንዲያስተምር ሾሙት፤ ባሻ ፈለቀ የሚል ስምም ወጣለት። ባሻ በዚያ ዘመን የነፍጠኛ አለቃ ማዕረግ እንደ ነበረ አባቶቻችን ያውቁታል። አማርኛም አጥርቶ ተማረ።

ብዙም ሳይቆይ ከንጉሡ ጋር አልተስማማም፤ አገሩን ለቅቆ ወጣ። በምፅዋ በእንግሊዝ ቆንስልነት ሥራ ላይ ጥቂት ጊዜ ቆየ፤ ከዚያም እስከ ኒው ዚላንድ ድረስ ሄዶ ከማኦሪ ሕዝብ ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋጋ። ወዲያው ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስና የእንግሊዝ መንግሥት ጠብ መጣ። ነገሩን ሁላችሁም በታሪክ ክፍል ስለ ተማራችሁት አላስረዝመውም፤ ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፣ ቆንስሉና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ፣ ጄኔራል ናፒየርም 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በዙላ ወደብ ወረደ። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አመጡ። አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ በተፈለገ ጊዜ የተጠራው ያው ባሻ ፈለቀ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አሳብ ልናገር። የንጉሥን እንጀራ በልቶ፣ ከንጉሥ ስም ተቀብሎ፣ በኋላ ከጠላቱ ጋር ተመልሶ መምጣት በኛ ባህል ከባድ ነገር ነው። አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ስፒዲን እንደ ጀብደኛና እንደ ወዳጃችን ብቻ አድርገው ሲያቀርቡት አልስማማም። ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን ስሰማ ደግሞ ፍርዴ እንደ ጀመረው አልቀጠለም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበረ። ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከአምባው ወርዶ ገጠመ። ገብርዬ ቀይ ልብስ ለብሶ ከፊት ይመራ ነበር። እንግሊዞች በኋላው የሚጎርስ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተኮስ ስናይደር የሚባል ጠመንጃ ነበራቸው፤ በዚያ ላይ ዝናብ ዘነበ። ከኛ ወገን 700 ያህል ሰው እንደ ሞተ፣ 1,200 ያህል እንደ ቆሰለ ይገመታል። ገብርዬም እዚያው ወደቀ። ከእንግሊዞች ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከነዚያም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በጌታ ስቅለት ቀን ይህን ያህል ሰው መሞቱን ሳስብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። በሦስተኛው ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ እጃቸውን ለመስጠት እንቢ ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሴባስቶፖል የሚባለውን፣ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን መድፍ በጋፋት የሠሩት ወንጌል ሊሰብኩና የእጅ ሥራ ሊያስተምሩ የመጡ ሚሲዮናውያን ናቸው። ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ የእጃቸውን ሥራ ፈለጉ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ፤ ከጓደኞቼ መካከል ሄደው የዳሰሱት አሉ።

ወደ ባሻ ፈለቀ ልመለስ። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ዓለማየሁ ገና የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ትግራይ ውስጥ በጨለቆት አቅራቢያ ሞቱ። ልጁ ባንድ ወር አባቱንም እናቱንም አጣ። ናፒየር ለማን ልስጠው ብሎ ሲመለከት ስፒዲ የልጁን ቋንቋ የሚናገር እንግሊዛዊ ስለ ነበረ ለእርሱ ሰጠው። ከልጁ ጋር የተነሡት ኢትዮጵያውያን አሳዳጊዎች ከመንገድ ተመለሱ፤ እንግሊዝ ሲደርስ በአማርኛ የሚያጫውተው አንድ ሰው ብቻ ቀረው። ያም ሰው የአባቱ አሽከር የነበረ፣ ከዚያም የአባቱ ጠላት ሆኖ የመጣ ሰው ነው። ልጁ ሌሊት ከርሱ አጠገብ ካልሆነ አይተኛም ነበር፤ በእንቅልፉም እየባነነ ይጮኽ ነበር ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ሴት ፎቶግራፍ አንሺ ሁለቱንም አነሣቻቸው። ፎቶግራፎቹን በመጽሐፍ አይቻቸዋለሁ። ትልቁ ሰው የሐበሻ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ልጁ ግን የሚያየው ፎቶግራፍ አንሺዋንም ስፒዲንም አይደለም።

ስፒዲ ሚስት አግብቶ ልጁን ይዞ ወደ ህንድ ሄደ፤ ቀጥሎም ወደ ፔናንግ። እዚያ ሳሉ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ማደግ አለበት ብሎ ከስፒዲ እጅ ወሰደው። ስፒዲም ሚስቱም ልጁን ላለመልቀቅ ብዙ ለምነው ነበር፤ ልጁም አልቅሷል። ከዚያ ወዲያ የዓለማየሁ ዕድሜ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ነው። ቼልተንሃም፣ ራግቢ፣ በመጨረሻም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ደስታ ግን አላገኘም። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ እያስጻፉ ይልኩለት ነበር። ኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድዝ ከተማ አጠገብ ሄዲንግሊ በሚባል ስፍራ በሳንባ በሽታ ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር።

እኔም ዘንድሮ 18 ዓመቴ ነው። ይህን የምለው ራሴን ከልዑል ጋር ለማወዳደር አይደለም። በዚህ ዕድሜ አንድ ሰው ምን ያህል ገና ምንም ያልጀመረ እንደ ሆነ ስለማውቅ ነው። ለትምህርት ከቤታቸው ርቀው የሚያድሩ ጓደኞቼም፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው እንኳ በበዓል ዋዜማ እንዴት እንደሚሆኑ አይቻለሁ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ዓለማየሁን በዊንዘር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ውጭ አስቀበሩት፤ በቤተ ጸሎቱም ውስጥ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው ቃል የተቀረጸበት ሰሌዳ አኖሩለት። ንግሥቲቱ ከልባቸው እንዳዘኑ አልጠራጠርም። ጥቅሱ ግን ለዚህ ልጅ የሚስማማ አይመስለኝም፤ በዚያ ምዕራፍ ያለው እንግዳ በራሱ እግር የመጣ ነው።

ስፒዲ ከዚህ በኋላም ብዙ ኖረ። በማላያ አገር በላሩት የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ሆነ። በ1884 እ.ኤ.አ. አድሚራል ሂውዌት ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ሊዋዋል ወደ ዐድዋ ሲመጣ አብሮ መጣ፤ በ1897 ደግሞ፣ ከዐድዋ ድል በኋላ፣ ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር አዲስ አበባ ደረሰ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ልጅ ሳሉ በመቅደላ ታስረው የነበሩ ናቸው። ባሻ ፈለቀ ሦስት ነገሥታት ፊት የቆመ የውጭ አገር ወታደር መሆኑ ነው፤ ይህን ያህል ዕድል ያገኘ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1910 ሞተ።

እንግዲህ የንግግሬ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች የሚወዱትን ሰው ጠጉር ቆርጠው በወረቀት ጠቅልለው ወይም በትንሽ ሣጥን ከትተው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበር። የዓለማየሁም ጠጉር እንደዚሁ ተቆርጦ በስፒዲ ዘመዶች ቤት ኖረ። ትውልድ አለፈ፣ ዕቃው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተላለፈ፣ ግን አልተጣለም፤ የማን እንደ ሆነም አልተረሳም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከቤተሰቡ የተወለደች አንዲት ሴት ያንን ጠጉር በለንደን ለኢትዮጵያ አስረከበች። የተመለሰችው አንዲት ዘለላ ጠጉር ናት። አጥንቱ ግን አልተመለሰም፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አጠገቡ የተቀበሩትን ሌሎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጥቷል። መንግሥት ያልመለሰውን አንድ ቤተሰብ የቻለውን ያህል መለሰ።

ይህ የስፒዲ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸውን የሳለ አንድ መኮንን ነበር። ከንጉሡ ጠጉር የተቆረጠ በቤተሰቡ ዘንድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1959 ለእንግሊዝ የጦር ሙዚየም ሰጡት፤ ሙዚየሙም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መለሰው። አርበትኖት የሚባል መኮንን ከመቅደላ ይዞት የሄደው ታቦት በኤዲንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ከኖረ በኋላ አንድ ቄስ አገኘው፤ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እንዴት አድርጎ እንደ ተቀበለው ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከአርበትኖት ቤተሰብ የወጡ የመቅደላ ዕቃዎች፣ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች፣ በሐራጅ ሊሸጡ ተዘጋጅተው ነበር። ኤምባሲያችን ተቃውሞ ሐራጁ ቀረ፤ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ ሰጠ።

ዕቃው መጀመሪያ እንዴት እንደ ሄደም መርሳት የለብንም። ከመቅደላ የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ፣ በሽሎን ተሻግሮ ደላንታ ሜዳ ላይ ወጣ። እዚያ ሁለት ቀን ሐራጅ ተደረገ። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ሲከፈል ለእያንዳንዱ ከአራት ብር እምብዛም ያልበለጠ ደረሰው። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ። ደላንታ የእናቶቻችን ገበያ ነው፤ ምስር የሚመጣልን ከዚያ ነው። ይህን በማወቅ የሄድሁበት ጊዜ ስለሌለ ሜዳው ላይ ስቆም ምን እንደሚሰማኝ ለመናገር አልችልም።

አሁን ወደኛ ቤት ልምጣ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን በሕይወቱ ምን እንደ ሠራ፣ የት እንደ ዞረ፣ ማንን እንዳሳደገ፣ ምን ዕቃ እንደ ተወ የቤተሰቡ ልጆች እስከ ዛሬ ይናገራሉ። በዚያው ቀን በአሮጌ ሜዳ የወደቁትን 700 ሰዎችስ ማን ያውቃቸዋል? ፊታውራሪ ገብርዬን በፉከራ እናነሣዋለን። ሌሎቹ ግን ስም አልቀረላቸውም። ጥይቱ የእንግሊዝ ስለ ነበረ ቁጥሩን የጻፉትም እንግሊዞች ናቸው፤ የሙታኑን ስም ግን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። የሚያውቁት እናቶቻቸውና ሚስቶቻቸው ናቸው።

በክፍላችን ስለዚህ ነገር ስንከራከር አንድ ጓደኛዬ የእኛ ቤተሰቦች ታሪክ አይጽፉም፣ ስለዚህ ምንም የለንም አለ። እኔ ግን አለን አልሁ። ለጋብቻ ሲባል ሽማግሌዎቻችን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ የልጁ አያት ከልጅቱ አያት ጋር ደም እንዳይጋጭ ከቅድመ አያት እስከ ምንጅላት ድረስ ስም በስም ያውቃሉ። እስኪ በቁጥር እንመልከተው። ከመቅደላ ጦርነት እስከ ዛሬ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗል። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢባል፣ በስድስተኛው ቤት ላይ የሚጠራው ሰው በ1860 ዓ.ም. በሕይወት የነበረ ሰው ነው። ታዲያ የስፒዲ ቤተሰብ በሣጥን ያስቀመጠውን ዘመን እኛ በምላሳችን ይዘነዋል። የጎደለው ስሙ ሲጠራ ያ ሰው ምን ሠራ፣ የት ዋለ፣ እንዴት ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ነው። ዳኞችና ሽማግሌዎች ለጋብቻ የሚፈልጉት ስሙን ብቻ ስለ ሆነ እዚያ ላይ ያቆማሉ።

ይህን ስል ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። እኛ የወሎ ልጆች ነን። ሰባት ቤት ስንቆጥር በአንድ የዘር ሐረግ እስላምም ክርስቲያንም ይገኛል፤ በአሮጌ ቀንም ሁሉም በአንድ ወገን አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በወሎ ላይ ያደረጉትን አያቶቻችን አይረሱትም። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ንግሥት ወርቂት ዘንድ በሄዱ ጊዜ፣ የወርቂት ልጅ አመዴ በመቅደላ እስረኛ ነበር። ወርቂት ምኒልክን አሳልፈው አልሰጡም፤ ንጉሡም ተቆጥተው ልጃቸውን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ናፒየር በመጣ ጊዜ ንጉሡ እንዳያመልጡ መውጫውን እንዲዘጉ የተጠየቁት የወሎ ባላባቶች ነበሩ። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ሲጠይቅ ቅድመ አያቱ ከገብርዬ ጋር የወደቀ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ሌላው ደግሞ በሽሎ ዳር ቆሞ መንገድ የዘጋ ሆኖ ያገኘዋል። ሦስተኛው ምናልባት ሳይፈልግ የእንግሊዝ ስንቅ የተሸከመ ይሆናል።

አንድ ወላጅ ይህን አሳብ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ከቀሰቀስህ ቂም ታወጣለህ» ብለውኛል። ቃላቸውን አከብራለሁ፤ ፍራቻቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ግን የስፒዲ ዘመዶች ስለ እርሱ ያስቀመጡት ክብሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠጉሩ የማን እንደ ሆነ ባልተናገሩም ነበር። ልጁ ከነማን እጅ ተወስዶ ወደ ቤታቸው እንደ መጣ ስላልደበቁ ነው ሊመለስ የቻለው።

እንግዲህ የክፍላችን ተማሪዎች ለዚህ በዓል አንድ ትልቅ ደብተር ገዝተናል፤ ከዛሬ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ገጽ አናት የተጻፉት ጥያቄዎች አራት ናቸው፤ የሰውዬው ስምና አገር፣ በማን ጦር ውስጥ እንደ ነበረ፣ ከዘመቻው ምን ሆኖ እንደ ተመለሰ ወይም እንዳልተመለሰ፣ ይህንንም ለተናጋሪው ማን እንደ ነገረው። የመጨረሻውን ጥያቄ መምህራችን ናቸው ያስጨመሩን፤ ነጋሪው ካልታወቀ እውነቱን ከተረት መለየት አይቻልም ስላሉ። ዘመቻው የመቅደላ ብቻ እንዲሆን አልወሰንም፤ የመተማም፣ የዐድዋም፣ የማይጨውም ይጻፋል። እስካሁን ከሦስት ተማሪዎች አያቶች የሰማነውን ጽፈናል፤ ከሦስቱ ሁለቱ እናቶች ናቸው፤ አንደኛዋ የወንድማቸውን የልጅ ልጅ ስም እየጠሩ ወደ ኋላ ሲሄዱ ስምንተኛው ላይ ደረሱ።

በዓሉ ሲያበቃ ሁለት ተማሪዎች ደብተሩን ይዘው በበሩ አጠገብ ይቆያሉ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ስትወጡ እባካችሁ ጥቂት ቁሙላቸው። ለማንበብ የምትቸገሩ ካላችሁ ተናገሩ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ፤ ከጻፉም በኋላ መልሰው ያነቡላችኋል።